ቱቦ ሠሪው የባሕር አኔሞን ወይስ ዘመዶቹ? በጎጃም ለሚገኙ ቤተ ሙከራዎችና ማሳያ ገንዳዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በአካባቢያቸው ከሚገኙ የሥነ ሕይወት መምህራን፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎችና የሆቴል ባለቤቶች በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «አኔሞን የሚባለውን የባሕር እንስሳ ብናስመጣ ይኖርልናል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ አንድ አይደለም፤ ምክንያቱም በሻጮች ዝርዝር ላይ በዚህ ስም ጎን ለጎን የሚቀመጡት እንስሳት ኑሯቸው ለየቅል ነው። አንዱ በደለል ውስጥ ቱቦ ሠርቶ የሚኖር፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ብርሃን የሚጠባበቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአንድ የመስታወት ሳህን ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ነው። ስሙን ብቻ ይዞ የገዛ ሰው የገዛው የትኛውን እንደ ሆነ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ አራት ሕያዋን አማራጮችንና አንድ ሕይወት የሌለው አማራጭ ያነጻጽራል። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፦ ቱቦ ሠሪው አኔሞን ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀኝ እንስሳ ነው፤ ሆኖም በጎጃም ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ እንዲገዙት አልመክርም። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። እንስሳው ቤቱን የሚሠራበትን ጥልቅ ወለል አስቀድሞ የሚያዘጋጅለት ገዢ እምብዛም አይገኝም፤ ወለሉ ከጎደለ ደግሞ የቀረው ወጪ ሁሉ ከንቱ ነው።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ወለል ነው። ገዢዎች በአብዛኛው አበባ የሚመስለውን የላይኛውን ክፍል አይተው ይወስናሉ፤ የገንዳውን ዓይነት የሚወስነው ግን በአሸዋው ውስጥ የተሰወረው የታችኛው ክፍል ነው። እንስሳው የሚቆመው ተቀብሮ ነው፣ ተጣብቆ ነው ወይስ ተንጠልጥሎ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያገኙ ገንዳ መግዛት መሠረቱ ሳይቆፈር ቆርቆሮ እንደ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ጨው ነው። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። ጣና ግን ጨው አልባ ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ በጎጃም የባሕር እንስሳ የሚያኖር ሰው ባሕሩን ራሱ መበጥበጥ አለበት። የወጥ ቤት ጨውም ሆነ አሞሌ ለዚህ አይሆንም፤ ሁለቱም በዋናነት ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆኑ የባሕር ውኃ የያዘው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት ይጎድላቸዋል። ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመው ጨው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ስሌቱ እነሆ፦ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ 7 ኪሎ ግራም ጨው ይፈልጋል፤ በየሳምንቱ የውኃው አንድ አሥረኛ ቢቀየር በሳምንት 700 ግራም፣ በዓመት ከ36 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ጨው የሚበጠበጥበት ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው። ብዙዎች «ንጹሕ ነው» ብለው የሚያጠራቅሙት የክረምት ዝናብም ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ዚንክ አጥቦ ይመጣል፤ ዚንክና መዳብ ደግሞ አከርካሪ አልባ የውኃ እንስሳትን የሚጎዱ ብረቶች ናቸው። የዝናብ ውኃ መጠቀም የፈለገ ሰው በሜዳ ላይ በተዘረጋ ንጹሕ ላስቲክ ቢቀበል ይሻለዋል።

ሦስተኛው ሙቀትና ኤሌክትሪክ ነው። የሞቃት ባሕር እንስሳት 24 እና 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሆነ ሙቀት ይስማማቸዋል። በባሕር ዳር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት፣ ይልቁንም በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ብርድ፣ ያለ ማሞቂያ ይህን መጠበቅ አይቻልም። ማሞቂያ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 60 አምፔር-ሰዓት የመኪና ባትሪ ከሙሉ አቅሙ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 360 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ይህም ባለ 200 ዋት ማሞቂያን ለሁለት ሰዓት እንኳ ሳያደርስ ሲያልቅ፣ ባለ 5 ዋት የአየር ፓምፕን ግን ለሦስት ቀን ያህል ያሠራል። ከዚህ የምንረዳው ማሞቂያ የማይፈልግ እንስሳ መብራት በጠፋ ቁጥር የማያስደነግጥ እንስሳ መሆኑን ነው።

አራተኛው ገዢዎች ፈጽሞ የማያነሡት ነው፤ ከፍታ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። የአየር ግፊት በቀነሰ መጠን በውኃ የሚሟሟው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን መያዝ ሲችል፣ በባሕር ዳር ከተማ 5.4፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ 5 አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ እንስሳውን የሚገድል አይደለም። ነገር ግን በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተጻፈውን ምክር እንዳለ መውሰድ እንደማይገባ ያሳያል፤ እዚህ እንስሳት ከማብዛት ይልቅ ገንዳው ሰፋ ማለት፣ የውኃው ገጽ ደግሞ በአየር ፓምፕ መናወጥ አለበት።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መመዘኛዎች ምግብና ትምህርት ናቸው። እንስሳውን ማን፣ በምን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ይመግበዋል? በክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋስ? ተማሪውስ አይቶት ምን ይማራል?

## ቱቦ ሠሪው አኔሞን

ይህ እንስሳ ስሙ አኔሞን ይሁን እንጂ እውነተኛው የባሕር አኔሞን አይደለም። ሁለቱም ኒዳሪያ በሚባለው ታላቅ ክፍለ እንስሳት፣ ኮራል ከሚባሉት የባሕር ድንጋይ ሠሪዎች ጋር በአንድ መደብ የሚገኙ ቢሆኑም፣ ቱቦ ሠሪዎቹ ሴሪያንታሪያ የሚባል የራሳቸው ወገን አላቸው። ልዩነቱ ከአፍ ጀምሮ ይታያል። የክንዶቻቸው ረድፍ ሁለት ነው፤ በውጭ በኩል ረዣዥሞቹ ክንዶች በውኃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚያልፈውን ጥቃቅን እንስሳ ይይዛሉ፤ በውስጥ በኩል አፍን የከበቡት አጫጭሮቹ ደግሞ የተያዘውን ተቀብለው ወደ አፍ ያደርሳሉ። ከታች እውነተኛው አኔሞን ድንጋይ የሚይዝበት ጠፍጣፋ የእግር መዳፍ ሲኖረው፣ ቱቦ ሠሪው ግን ጫፉ የዶለዶመ ዘንግ የሚመስል፣ ለመቆፈር እንጂ ለመጣበቅ ያልተበጀ አካል አለው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ቤቱን የሚሠራበት መንገድ ነው። የኒዳሪያ እንስሳት ሁሉ ቆዳቸው ውስጥ ክር የያዙ፣ በዓይን የማይታዩ እንክብሎች አሏቸው፤ አብዛኞቹ ለመንደፍ ወይም ለመያዝ ያገለግላሉ። ሴሪያንታሪያ ግን ከእነዚህ በተጨማሪ ቲኮሲስት የሚባል፣ እነርሱ ብቻ ያላቸው የእንክብል ዓይነት አለ፤ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1977 ለይተው የገለጹት ሲሆን፣ ክሩ በውስጡ የተቀመጠው እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ሳይሆን እንደ ቀሚስ ሽንሽን ታጥፎ ነው። ሥራውም መንደፍ አይደለም፤ ቤት መሥራት ነው። እንስሳው ቁጥር ስፍር የሌላቸውን ክሮች ወደ ውጭ ይለቃል፤ ክሮቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ልጋግ ያጣብቃቸዋል፤ በላዩ ላይ ደለልና አሸዋ ይለጠፋል። በአገራችን ሸማኔ ድርና ማጉን ለይቶ ይሠራል፤ ይህ እንስሳ ግን ድርም ማግም ስለሌለው ሥራው ከሸማ ይልቅ ታሽቶና ተረግጦ የተጠቀጠቀ የበግ ጠጉርን ይመስላል። ቱቦው ከውጭ ሻካራ፣ ከውስጥ ልስልስ ነው። ሲዳስሱት የራሰ ቆዳ ይመስላል። ከእንስሳው ቁመት በእጅጉ ሊበልጥም ይችላል፤ በስኮትላንድ የባሕር ወሽመጦች የሚኖረው ፓኪሴሪያንተስ መልቲፕሊካተስ የተባለው ዝርያ ቱቦው እስከ 1 ሜትር ይደርሳል፣ የክንዶቹ ስፋትም 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ቱቦው የሚያስፈልገው ለመሸሽ ነው። እውነተኛው አኔሞን አደጋ ሲያይ ራሱን እንደ ቦርሳ ይቋጥራል፤ ቱቦ ሠሪው ግን መላ አካሉን በቅጽበት ወደ ታች ይስባል፤ ተማሪ የገንዳውን መስታወት ቢያንኳኳ አበባው በነበረበት ባዶ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ሽሽቱ ሁልጊዜ አይሳካም። ዴንድሮኖተስ አይሪስ የተባለው ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ቱቦ ሠሪዎችን እያደነ ክንዶቻቸውን የሚበላ ሲሆን፣ እንቁላሉን የሚጥለውም በዚያው በሚያድነው እንስሳ ቱቦ ላይ ነው። በአንጻሩ ፎሮኒስ አውስትራሊስ የሚባሉ ትናንሽ ትል መሳይ እንስሳት በቱቦው ግድግዳ ውስጥ ተሰግስገው ባለቤቱን ሳይጎዱ ይኖራሉ። እንግዲህ ቱቦው የአንድ ብቻ ቤት አይደለም፤ ደባልም አለው።

አወላለዱም የተለየ ነው። በአንድ እንስሳ ውስጥ ሁለቱም ጾታ የሚገኝባቸው ዝርያዎች አሉ። ሴሪኑላ የሚባለው እጭ በባሕሩ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እየተንሳፈፈ ከቆየ በኋላ ወደ ወለሉ ይወርድና መቆፈር ይጀምራል። በዚህ ምክንያት በገንዳ ውስጥ ማራባት ከባድ ነው፤ የሚሸጡት ማለት ይቻላል ሁሉም ከባሕር የተነቀሉ ናቸው። ለኮሌጅ መምህራን አንድ ነገር ልጨምር፦ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ኢሳራክናንተስ ኖክተርነስ የተባለው ቱቦ ሠሪ የማይቶኮንድሪያ ዘረ መሉ ከ80,000 በላይ ጥንድ ፊደላት እንዳለው ታውቋል። የሰው 16,569 ነው። የዘረ መል ትምህርት ለሚሰጥ ሰው ከዚህ የተሻለ የመግቢያ ምሳሌ እምብዛም አይገኝም።

አሁን በመመዘኛዎቹ እንየው። ወለሉ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደቃቅ አሸዋ መሆን አለበት። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ይህ 100 ሊትር አሸዋ ማለት ነው፤ ክብደቱም ከ150 ኪሎ ግራም አያንስም። ተራ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ይህንና የውኃውን ክብደት አብሮ አይችልም። ወጪውንና ክብደቱን የሚቀንስ አንድ ብልሃት አለ፤ ከቧንቧ ዕቃ መደብር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ በ30 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ አሸዋ ሞልቶ፣ ዘንበል አድርጎ በድንጋይ መሐል ማስቀመጥ ነው። እንስሳው ቱቦውን በቧንቧው ውስጥ ይሠራል፤ የቀረው ወለል ስስ ሊሆን ይችላል። የወንዝ አሸዋ ሲመረጥ ከአባይ ዳር የሚመጣው ጥቁር አሸዋ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በማግኔት መፈተሽ ይገባል።

መልካሙ ነገር ብርሃን የማይፈልግ መሆኑ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠሩ ረቂቅ አልጌዎችን ስለማያኖር ውድ መብራት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ዝርያዎች በደንብ የሚዘረጉት በሌሊት ነው። ያው ምክንያት ግን ሌላ ግዴታ ያመጣል፤ ብርሃን ስለማይመግበው ሰው ይመግበው ዘንድ ግድ ነው። አርቴሚያ የሚባሉት ጥቃቅን የጨው ውኃ እንስሳትና የተፈጨ የባሕር ዓሣ ወይም ሽሪምፕ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰጠዋል። የጣና ቆሮሶ በአንድ ወቅት ችግር ሊያወጣ ይችላል፤ ዘወትር በእርሱ ብቻ መመገብ ግን የባሕር እንስሳ የሚፈልገውን ስብ አያሟላም። ከትናንሽ ዓሦች ጋር አይቀመጥም፤ ይበላቸዋል። በደህና እጅ ከወደቀ ግን ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ገዢው ከራሱ የሥራ ዘመን ሊበልጥ የሚችል አደራ እየተቀበለ መሆኑን ማወቅ አለበት።

አንድ ገጠመኝ ልጥቀስ። ከዓመታት በፊት ወደ አንድ ትምህርት ቤት የመጣ ቱቦ ሠሪ ከነቱቦው ሳይሆን ራቁቱን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ ተቀባዮቹም በጠጠር ላይ አኖሩት። መቆፈር አቅቶት ሌሊቱን ሲንከራተት አደረ፤ ቆዳው በጠጠሩ ተልጦ በአራተኛው ቀን ሞተ። አሸዋ ቢያገኝ ኖሮ አዲስ ቱቦ መሥራት ይችል ነበር፤ ቱቦ መጣል ለእርሱ ሞት አይደለም፤ ወለል ማጣት ግን ሞት ነው።

ሞቃት ባሕር የማይጠይቅ ዝርያ ለሚሹ፣ የሜዲትራንያኑ ሴሪያንተስ ሜምብራናሴየስ ለደጋው ጎጃም ይበልጥ ይስማማል፤ በተፈጥሮው ከ20 ዲግሪ በታች የሆነውን የክረምት ባሕር የለመደ ስለሆነ በደብረ ማርቆስ ያለ ማሞቂያ ወይም በጥቂት ማሞቂያ ሊኖር ይችላል። ችግሩ እርሱን ማግኘት ነው።

## ብርሃን ፈላጊው እውነተኛ አኔሞን

የሆቴል ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ይህን ነው፤ ምክንያቱም በልጆች ፊልም ያዩትን ነጭ ቀለበት ያለውን ብርቱካናማ ዓሣ በክንዶቹ መካከል አቅፎ የሚያኖረው እርሱ ስለሆነ ነው። ያ ዓሣና ዘመዶቹ በተፈጥሮ የሚጠጉባቸው አኔሞኖች 10 ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ ቱቦ ሠሪው ከእነርሱ አንዱ አይደለም። ለገንዳ ከሁሉ የሚሻለው ኢንታክሚያ ኳድሪኮለር የተባለው ሲሆን በሰውነቱ አልጌ ስለሚያኖር በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ጠንካራ ብርሃን ይፈልጋል። ወለሉ ድንጋይ ነው። አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቦታው ካልተስማማው ተነሥቶ ይሄዳል፣ በሌሊትም የፓምፕ አፍ ውስጥ ገብቶ ይፈጫል፤ ከዚያ በኋላ የሚበላሸው የገንዳው ውኃ ሁሉ ነው። ማሞቂያ፣ መብራት፣ ፓምፕ ሁሉም በአንድነት ይጠየቁበታል። ከወትሮው በተለየ ደማቅ ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ የሚሸጥ አኔሞን ቀለም የተነከረ ሊሆን ስለሚችል አይገዛ። ደግሞም ዓሣው ያለ አኔሞን በደንብ ይኖራል፤ ለእንግዳ ማሳያ ዓሣው ከበቃ አኔሞኑን መተው ከግማሽ በላይ ጣጣን መተው ነው።

## ኔማቶስቴላ

ኔማቶስቴላ ቬክቴንሲስ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የባሕርና የወንዝ ውኃ በሚቀላቀልባቸው ጨዋማ ረግረጎች በጭቃ ተቀብሮ የሚኖር፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም እውነተኛ አኔሞን ነው። እንደ ቱቦ ሠሪው የሚቆፍር ቢሆንም ያን የመሰለ ቱቦ አይሠራም። መልኩ ከቱቦ ሠሪው ጋር ሲተያይ ምንም ነው፤ ዓይን አይስብም። ነገር ግን አካሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ተማሪው የዋጠው አርቴሚያ በሆዱ ውስጥ ሲፈጭ በማጉያ መነጽር ያየዋል። ዘረ መሉ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ ከወጣ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች የሚያራቡት እንስሳ ሆኗል።

በቤተ ሙከራ የሚኖረው ከባሕር ውኃ አንድ ሦስተኛ ያህል ጨው ባለው ውኃ፣ ማለትም በሊትር 12 ግራም አካባቢ ነው። የጨው መጠን መዋዠቅን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይችላል። 18 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል፤ ይህ ደግሞ በደጋው ጎጃም አንድ ተራ ክፍል ያለ ምንም መሣሪያ የሚሰጠው ሙቀት ነው። 5 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ውኃው በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር እንኳ በዓመት የሚፈልገው ጨው ወደ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ቀደም ብለን ካሰላነው 36 ኪሎ ጋር ያስተያዩት። ሲቆረጥ እንደገና ያድጋል፤ ራሱን አግድም ከፍሎም ይባዛል፤ ስለዚህ አንድ ኮሌጅ ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል። በሱቅ አይገኝም፤ የሚገኘው ከምርምር ቤተ ሙከራዎች ስለሆነ ጥያቄው በዩኒቨርሲቲ በኩል መቅረብ አለበት።

## ሃይድራ

ሃይድራ ጨው አይፈልግም፤ ማሞቂያም አይፈልግም፤ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጸጥተኛ ኩሬዎችና በሐይቅ ዳር፣ በውኃ ዕፅዋት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የውኃ ሣር በብርጭቆ ማሰሮ ከነውኃው አስገብተው መስኮት አጠገብ ቢያስቀምጡት፣ ካለበት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብርሃን ወዳለበት ጎን መጥቶ በብርጭቆው ላይ ይታያል። አብርሃም ትሬምብሌይ የተባለው የስዊስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ሃይድራን እየቆረጠ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሙሉ እንስሳ ሲወጣ አይቶ ዓለምን ያስገረመበትን ሙከራ የዳንግላ ተማሪ በምላጭና በሻይ ብርጭቆ ሊደግመው ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። በጣና ዙሪያና በመስኖ ቦዮች የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለ ናሙና የሚሰበስብ ሰው የጎማ ጫማና ጓንት ያድርግ፤ ተማሪ በባዶ እግሩ ውኃ አይግባ። ሃይድራ ፍለጋ ብሎ እምቦጭን ከሐይቁ አንሥቶ ወደ ሌላ ኩሬ መውሰድም ፈጽሞ አይገባም፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣና ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። የሃይድራ ጉድለት ለማሳያ አለመሆኑ ነው፤ ከሁለት ክንድ ርቀት አይታይም።

## የተጠበቀ ናሙና

በ70 በመቶ አልኮል የተቀመጠ ቱቦ ሠሪ ቅርጹን ያሳያል እንጂ ኑሮውን አያሳይም፤ ከመጠበቁ በፊት በማግኒዥየም ክሎራይድ ጡንቻው እንዲላላ ካልተደረገ ክንዶቹ ተኮማትረው ይቀራሉ። ዋጋ ያለው ቱቦው ነው። ከደረቀ ቱቦ ላይ ጥቂት ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢታይ የተጠላለፉት ክሮች ይታያሉ።

## የንጽጽር ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ቱቦ ሠሪው | ብርሃን ፈላጊው | ኔማቶስቴላ | ሃይድራ | የተጠበቀ ናሙና |
|---|---|---|---|---|---|
| ወለል | 20 ሴ.ሜ. አሸዋ ወይም ቧንቧ | ድንጋይ | ስስ ጭቃ ወይም ባዶ ሳህን | የውኃ ሣር፣ ብርጭቆ | የለም |
| ጨው በሊትር | 35 ግራም | 35 ግራም | 12 ግራም ገደማ | የለም | የለም |
| ማሞቂያ በጎጃም | ለሞቃት ባሕር ዝርያ ግድ ነው | ግድ ነው | አያስፈልግም | አያስፈልግም | አያስፈልግም |
| ጠንካራ ብርሃን | አይፈልግም | ይፈልጋል | አይፈልግም | አይፈልግም | አይፈልግም |
| መብራት ሲጠፋ | መካከለኛ ስጋት | ከፍተኛ ስጋት | ዝቅተኛ ስጋት | ስጋት የለም | ስጋት የለም |
| ለተመልካች ውበት | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | እጅግ ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ለማራባት | እጅግ ከባድ | በመከፈል ይቻላል | ቀላል | ቀላል | አይመለከተውም |
| አጠቃላይ ወጪ | ከፍተኛ | እጅግ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | እዚህ ግባ የማይባል | ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

በጀቱ ለጠመኔና ለወረቀት ብቻ ለሚበቃ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መልሱ ሃይድራ ነው፤ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ትንሽ ገንዘብና አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ላለው ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ኔማቶስቴላን እመክራለሁ፤ የተጠበቀ የቱቦ ሠሪ ናሙና ቢጨመርበት ተማሪው የሚቆፍረውን ሕያው፣ ቤት የሚሠራውን ደግሞ በሥራው ያየዋል። በባሕር ዳር ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ውበት ብቻ ከፈለገ ዓሣውን ያለ አኔሞን ይያዝ።

ቱቦ ሠሪውን የምመክረው ሦስት ነገር ላሟላ ብቻ ነው፤ በክረምትም ሳይቀር የሚመግብ ቋሚ ሰው፣ የሁለት ዓመት የጨው በጀት፣ ከእንስሳው በፊት ቢያንስ ሁለት ወር የሠራ ገንዳ። ሁለት ወሩ ቅንጦት አይደለም፤ ከምግብ ትራፊና እንስሳው ከሚያስወግደው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአሸዋው ውስጥ እስኪሰፍሩ የሚወስደው ጊዜ ነው። የማስገቢያ ፈቃዱም ከሚመለከተው የመንግሥት አካል አስቀድሞ መገኘት አለበት።

መንገዱም ይታሰብበት። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን መኪናው በቀን የአባይን በረሃ ሙቀት አልፎ ማታ ደጋ ላይ ይወጣል፤ ከረጢቱ በወፍራም የአረፋ ሣጥን ውስጥ ካልሆነ እንስሳው በአንድ ቀን ሁለት ወቅት ያያል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ የትኬቱ ልዩነት ከእንስሳው ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚያስቆጭ አይደለም። ሲደርስም ከረጢቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከገንዳው ውኃ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቀል፤ እንስሳው ጫፉን ወደ ታች አድርጎ በተዘጋጀው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ፤ መብራቱ ይጥፋ፤ እስከ ማግሥቱ ማንም አይንካው። ለሻጩ ገንዘብ ከመላክ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብለት፤ «እንስሳው ከነቱቦው ይመጣል ወይስ ያለ ቱቦ?» መልሱ ካልመጣ ገንዘቡም አይሂድ።